ንግሥተ ሳባ ያልገነባችው ከተማ

ዚምባብዌ ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? አባቶቻችንን ብትጠይቁ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ይሏችኋል፤ በ1991 ከአዲስ አበባ ወጥተው ያረፉት ሐራሬ ነውና። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኛ የስልክ ትውልዶቹ ደግሞ ያችን መቶ ትሪሊዮን ዶላር የሚል የተጻፈባትን የገንዘብ ኖት ፎቶ ነው የምናስታውሰው። ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ነገር ተናገር ብባል እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዝም ነበር የምለው። የአገሪቱ ስም ራሱ ከአንድ ጥንታዊ የድንጋይ ከተማ የተወሰደ መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር።

ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። በድሮን የተቀረጸ ነው፤ ክብ ሠርቶ የሚጠማዘዝ ትልቅ የድንጋይ ግንብ፣ ውስጡ ሾጣጣ ማማ፣ በግንቡ መሀል የበቀሉ ዛፎች። ከሥሩ “የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት በደቡባዊ አፍሪካ” ይላል። የአስተያየት መስጫው በእኛ ባንዲራና በልብ ምልክት ተጥለቅልቋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ላይክ አድርጌያለሁ። ንግሥታችን እስከዚያ ድረስ ትገዛ ነበር ሲባል የማይደሰት ማን አለ?

ማታ ላይ ስለ ቦታው ትንሽ ልፈልግ ብዬ ገባሁ፤ ሌሊቱ ተጋመሰ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ያ ግንብ የንግሥተ ሳባ አይደለም። የእሷ ስም እዚያ የተለጠፈው በአንድ ተጓዥ ግምት ሲሆን፣ መቶ ዓመት ያህል እንደተለጠፈ የቆየው ደግሞ ግንቡን ከሠሩት ሰዎች እጅ ለመንጠቅ ስለጠቀመ ነው። ያን ላይክ መልሼ አነሳሁት።

እስኪ መጀመሪያ ከቦታው እንጀምር። ታላቋ ዚምባብዌ የምትገኘው በአገሪቱ ደቡብ፣ ማስቪንጎ ከምትባል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነው። ስሟ በሾና ቋንቋ “የድንጋይ ቤቶች” ማለት እንደሆነ ብዙዎቹ አጥኚዎች ይናገራሉ። ከ700 ሄክታር በላይ በሚሆን መሬት ላይ የተዘረጋች ስትሆን፣ ከ11ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የዛሬዎቹ የሾና ሕዝቦች ቅድመ አያቶች ናቸው የገነቧት። ኮረብታው ላይ አንድ የግንብ ስብስብ አለ፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ያ ቪዲዮው ላይ ያየሁት ትልቁ ክብ አጥር። የአጥሩ ዙሪያ 250 ሜትር ይደርሳል። ከፍታው 11 ሜትር፣ ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ 5 ሜትር ይሆናል። ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ አጠገብ ቁሙና ወደ ላይ እዩ፣ እንደዚያ ነው።

ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር የያዘው ነገር የለም። ሲሚንቶ የለ፣ ኖራ የለ፣ ጭቃ የለ። ኮንሶ ሄዶ እርከኖቹንና የመንደሮቹን የድንጋይ አጥር ያየ ሰው ጥበቡ ወዲያው ይገባዋል፤ ድንጋዩ የሚቆመው በራሱ ክብደትና በደርዳሪው ዓይን ነው። በአካባቢው ያሉት የግራናይት ኮረብቶች ቀን በፀሐይ ሲግሉ ሌሊት ሲቀዘቅዙ እንደ ሽንኩርት በንብርብር ይላጣሉ። ሠራተኞቹ ይህን የተፈጥሮ ሥራ በእሳት ያፋጥኑትና የወጣውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ጡብ በሚያህል መጠን እየፈለጡ ይደረድሩታል። ግንቡ ወደ ላይ ሲወጣ እየቀጠነ በትንሹ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚባል ነገር ብትፈልጉ አታገኙም። በአንድ በኩል አናቱ ላይ ድንጋዮቹ በጥልፍ መልክ በዚግዛግ ተሰክተዋል፤ ግንቡን አቁሞ ለመያዝ ምንም አይጠቅምም፣ ለውበት ነው።

ግንቡ ጣሪያ የተሸከመ ግድግዳም አይደለም። ሰዎቹ የሚኖሩት በውስጡና በዙሪያው፣ በጭቃ በተሠሩ የሣር ክዳን ክብ ቤቶች ነበር። ግንቡ የሚከልል፣ የሚያከብር፣ ማን ከውስጥ ማን ከውጭ እንደሆነ የሚናገር አጥር ነው። አሥር ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሾጣጣ ማማም ውስጡ ድፍን ነው፤ በር የለው፣ ደረጃ የለው። ብዙ አጥኚዎች የእህል ጎተራ አምሳያ ነው ይላሉ። ንጉሥ ማለት ሕዝቡን የሚመግብ ነው የሚለውን በድንጋይ መናገር እንደማለት።

በአንድ ወቅት 18 ሺህ ሰው ይኖርባት ነበር ተብሎ ይገመት ነበር፤ የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 10 ሺህና ከዚያም በታች ያወርዱታል። የኑሮው መሠረት ከብት ነው፤ ሀብቱን ያገነነው ግን ወርቅ ነው። ወርቁ በሶፋላ ወደብ በኩል ዛሬ ታንዛኒያ ውስጥ ወዳለችው የኪልዋ ደሴት፣ ከዚያ በህንድ ውቅያኖስ ወደ ዓለም ይሄዳል። በምላሹ የገባው ዕቃ ፍርስራሹ ውስጥ ተገኝቷል፦ የቻይና ሸክላ፣ የፋርስ ጎድጓዳ ሳህን፣ የመስታወት ዶቃ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በኪልዋው ሱልጣን በአል ሐሰን ኢብን ሱለይማን ስም የተመታች አንዲት ሳንቲም። ያኔ እዚህ እኛ ጋ ዐፄ ዐምደ ጽዮን ነበሩ የነገሡት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማዋ ተዳከመች። የአፍ ታሪኩ ሙቶታ የሚባል መሪ ጨው ፍለጋ ወደ ሰሜን ሄዶ የሙታፓን መንግሥት መሠረተ ይላል። አጥኚዎቹ የግጦሽና የማገዶ መመናመንን፣ የንግድ መስመር መቀየርንም ይጨምሩበታል። ሰው ሄደ፣ ግንቡ ቀረ።

እንግዲህ ዋናው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በ1871 ካርል ማውክ የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ ቦታው ደረሰ። ሰውዬው መጽሐፍ ቅዱሱን በደንብ ያነበበ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን፣ ለሰሎሞን ወርቅ የመጣበትን የኦፊርን ምድር በአፍሪካ ውስጥ አገኛለሁ ብሎ ነው የወጣው። ከአንድ በር ላይ የነበረ የእንጨት መቃን ስንጣሪ ቆረጠ። ቀላ ያለ ነው፣ ሽታው ደስ ይላል። ከእርሳሱ እንጨት ጋር አስተያየው፤ ተመሳሰለበት። እርሳሱ የዝግባ ዘር ነው፣ ስለዚህ ይኼም ዝግባ ነው። ዝግባ ከሆነ የመጣው ከሊባኖስ ነው። ከሊባኖስ ካመጡት ፊንቄያውያን ናቸው። ፊንቄያውያን እዚህ ድረስ የመጡት ለማን ብለው ነው? ለንግሥተ ሳባ። በቃ! ኮረብታው ላይ ያለው የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ቅጂ፣ ሜዳው ላይ ያለው ደግሞ ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም ሳለች ያረፈችበት ቤት ቅጂ ነው ብሎ ደመደመ።

በአንድ እርሳስ ይኼ ሁሉ! ቲክቶክ ላይ “ይህን አታውቁም” እያሉ ከአንድ ፎቶ ዓለምን የሚያብራሩ ልጆች አዲስ ነገር አልፈጠሩም ማለት ነው። እንጨቱ በኋላ ሲመረመር ታምቡቲ የሚባል እዚያው ደቡባዊ አፍሪካ የሚበቅል ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ንጉሥ ሰሎሞን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው የነገሠው የሚባለው፤ የግንቡን ዘመን አስቡትና ልዩነቱን አስሉት። ሁለት ሺህ ዓመት ይሆናል።

ማውክ ተሳስቶ ቢቀር ኖሮ ተረት ሆኖ ያልፍ ነበር። ግን በ1890 የሲሲል ሮድስ ኩባንያ ሰፋሪዎችን አስከትሎ አገሩን ያዘ። መሬት ከሰው ላይ የሚነጥቅ ሰው ደግሞ ምክንያት ያስፈልገዋል። “እዚህ ያሉት ጥቁሮች ምንም ሠርተው አያውቁም፤ ድሮ ከሰሜን የመጡ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ፣ እኛ የእነሱን ሥራ ልንቀጥል ነው የመጣነው” ለማለት ከዚያ ግንብ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይገኛል? ሮድስ በ1891 ቴዎዶር ቤንት የሚባል እንግሊዛዊ እንዲቆፍር ረዳው። ቤንት ሲቆፍር የሚያገኘው የአካባቢውን ሰዎች የሸክላ ስብርባሪ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያሳተመው መጽሐፍ ግን ሠሪዎቹ ከዐረብ ምድር የመጡ ናቸው አለ።

ይኼን ቤንት የሚባል ሰው ልብ በሉት። በ1893 የመጣው ወደ እኛ ነው። አክሱምና የሐ ሄዶ የድንጋይ ላይ ጽሑፎችን ቅጂ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ስለ አክሱም መጽሐፍ አሳተመ። እዚህም ዓይኑ የፈለገው የዐረቢያን ሳባውያንን ነበር። በእኛ በኩል በእርግጥ ግንኙነቱ ባዶ ወሬ አይደለም፤ የሐ ላይ በሳባ ፊደል የተጻፈ ድንጋይ አለ፣ ቀይ ባሕርን ማቋረጥም ሩቅ አይደለም። ሆኖም “ሁሉንም የሠሩት ከባሕር ማዶ የመጡት ናቸው” የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የእኛንም ታሪክ ተጫነው። ዛሬ አርኪዮሎጂስቶች ለአገሬው ሕዝብ የሚሰጡት ድርሻ በጣም ሰፍቷል። አንድ ሰው፣ አንድ መነጽር፣ ሁለት አገር።

ወደ ዚምባብዌ ልመለስ፤ ከቤንት የባሰው ገና አለ። በ1902 ሪቻርድ ሆል የሚባል ጋዜጠኛ የቦታው ጠባቂ ሆኖ ተሾመ። የተሰጠው ሥራ ግንቡን መጠበቅ ነው፤ እሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አስቆፈረ። የ“ጥንቶቹን” ሥራ ለማየት ብሎ የአፍሪካውያኑን “ቆሻሻ” አስጠርጎ አወጣው። ያ ቆሻሻ ያለው የቤቶቹን ወለል፣ የምድጃውን አመድ፣ የሸክላውን ስብርባሪ፣ ማን መቼ እንደኖረ የሚናገረውን አፈር ነው። አንዳንድ ቦታ ከሁለት ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው አፈር ተጠረገ። አርኪዮሎጂ ማለት የአፈር ንብርብር ማንበብ ነው፤ ሰውዬው መጽሐፉን ገጽ በገጽ ቀዶ ሽፋኑን አስቀረ። በ1904 ከሥራው ተባረረ፤ ምን ዋጋ አለው? የተጠረገው አፈር አይመለስም። ዛሬ ስለዚያች ከተማ የማይመለሱ ጥያቄዎች የበዙት ሠሪዎቹ ስላልጻፉ ብቻ አይደለም።

እውነቱ ደግሞ ቶሎ ነው የተገኘው፤ ይኼ ነው የሚያናድደው። ዴቪድ ራንዳል ማካይቨር የሚባል ባለሙያ በ1905 ቆፍሮ ግንቡ የመካከለኛው ዘመን፣ ሥራውም የአፍሪካውያን ነው አለ። ሰፋሪዎቹ ተንጫጩ። በ1929 ገርትሩድ ኬተን ቶምፕሰን እንደገና እንድታጠና ተላከች። ይዛቸው የሄደችው ሁለት ሴቶችን ነው፤ አንዷ በኋላ በኢያሪኮ ቁፋሮዋ ስመ ጥር የሆነችው ካትሊን ኬንዮን ናት። ገርትሩድ ያልተነካ አፈር ያለበትን ቦታ መርጣ ቆፈረች። ከግንቡ መሠረት በታች ያለው ከግንቡ ይቀድማል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የተገኘው ዶቃና ሸክላ የመካከለኛው ዘመንና የአገሬው ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ቆማ ተናገረች። የስድብ ደብዳቤ ጎረፈላት፤ “እብዶች” የሚል ፋይል ከፍታ እዚያ ትከታቸው ነበር። (እኛ ብሎክ እንደምናደርገው መሆኑ ነው።) እሷም ብትሆን ከዘመኗ ንቀት አልጸዳችም፤ ሾጣጣውን ማማ የሕፃን አእምሮ ሥራ ነው ያለችው እሷው ናት። ማስረጃዋ ግን ከንቀቷ በለጠ፤ ከዚያ ወዲህ በሙያው ውስጥ ያለ ከባድ ክርክር አበቃ።

ከሙያው ውጭ ግን አላበቃም። የሮዴዥያ ቱሪዝም ፖስተር አለ፤ ከሾጣጣው ማማ እንደ መንፈስ ብቅ ላለችው ንግሥተ ሳባ አንድ አፍሪካዊ ተንበርክኮ ወርቅ ሲያቀርብ የሚያሳይ። ነገሩን ሁሉ አንድ ሥዕል ይናገረዋል፦ ግንቡን የሠራው ሰው በገዛ ቤቱ ተንበርካኪ፣ የእኛ ንግሥት ደግሞ የሌላ ሰው ቤት ባለቤት። በ1965 ነጮቹ ለብቻቸው ነፃነት ካወጁ በኋላ ጫናው በረታ፤ መንግሥት የሚያሳትማቸው ጽሑፎች የአፍሪካውያን ሥራ ነው ብለው እንዳይቆርጡ፣ የ“ሌላውንም ወገን” ሐሳብ እንዲያስገቡ ተፈለገ። የቅርሶች ተቆጣጣሪ የነበረው አርኪዮሎጂስት ፒተር ጋርሌክ አልዋሽም ብሎ በ1970 አገሩን ጥሎ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ቦታው ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

በሌላ በኩል ለነፃነት የሚታገሉት ወጣቶች ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የወደፊት አገራቸውን ዚምባብዌ ብለው መጥራት ጀምረው ነበር። አገሩ በሮድስ ስም ሮዴዥያ ሲባል ቆይቶ ሚያዝያ 18 ቀን 1980 በአንድ የድንጋይ ከተማ ስም ተጠራ። በ1986 ቦታው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት ግን አይደለም። በአካባቢው ያሉት ጎሳዎች፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ከቦታው የተገፉት፣ ከነፃነት በኋላም ለቅድመ አያቶቻቸው ሥርዓት ለማድረስ እንደ ልባቸው መግባት እንዳልቻሉ ሲናገሩ ኖረዋል። አጥሩ ባለቤት ቀየረ እንጂ አልፈረሰም።

ወደዚያ ቪዲዮ ስመለስ፣ የሚገርመኝ እኛው ራሳችን ነን። ላሊበላን የሠሩት ቴምፕላር የሚባሉ የአውሮፓ የመስቀል ጦረኞች ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ሐሳብ ያለው መጽሐፍ በ1992 ሲወጣ ተቆጥተናል፤ ተገቢ ቁጣ ነው። አሁንም “ከሌላ ፕላኔት የመጡ ናቸው የሠሩት” የሚል ቪዲዮ ሲመጣ እንሳደባለን። የሾና ልጅ የድሮን ቪዲዮው ሥር ገብቶ የእኛን ባንዲራና ልብ ሲያይ ምን የሚሰማው ይመስላችኋል? እሱ ጋ ያ ስም ቅኔ አይደለም፤ አያቱን “ይህን አልሠራችሁም” ያሉበት ስም ነው። ለጓደኛዬ ይህን ስነግረው “አንተ ደግሞ ደስታ ማበላሸት ትወዳለህ” አለኝ። ቪዲዮውን ግን ለሌላ ሰው አላከውም።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ላልፍ ነበር፤ የወፎቹን ነገር። በድንጋይ ምሰሶ አናት የቆሙ፣ ከለስላሳ ድንጋይ የተቀረጹ ስምንት ወፎች ተገኝተዋል። ንስር ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ በምንቃር ፈንታ የሰው ከንፈር አላቸው። በ1889 ፖሰልት የሚባል አዳኝ ለአካባቢው ሰዎች ብርድ ልብስና ጥቂት ዕቃ ሰጥቶ አንዱን ወፍ ከምሰሶው ቆርጦ ወሰደና ለሮድስ ሸጠው። ሮድስ ኬፕታውን በነበረው ቤቱ አስቀመጠው፤ የደረጃውንም ድጋፍ በወፉ ቅጂ አስጌጠው። ሌሎቹም ተከትለው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። በ1981 ደቡብ አፍሪካ አራቱን መለሰች፤ በነፃ እንዳይመስላችሁ፣ በለውጡ ከዚምባብዌ የወሰደችው በሙዚየም የተሰበሰቡ የንብ፣ የተርብና የጉንዳን ናሙናዎችን ነው።

የአንዱ ወፍ ምሰሶ ግን የታችኛው ክፍል ጠፍቶ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ሙዚየም ገብቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ሶቪየቶች ወደ ሌኒንግራድ ወስደውት፣ በኋላ ወደ ጀርመን ተመልሶ፣ በ2003 ዚምባብዌ ገባ። ከላይኛው ክፍል ጋር ሲያስገጥሙት ልክ ሆነ። ዛሬ የዚህ ዓይነት ወፍ ምስል በአገሪቱ ባንዲራ ላይ አለ፤ ቀጥሎ ስታዩት በግራ በኩል፣ ከቀዩ ኮከብ ላይ ነው።